የሹማንን የልጆች ፒያኖ አልበም ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚሰራ

እሺ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣብኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ልገላገል። ልጁ አንድ አመት ከምናምን ፒያኖ ተምሯል፣ ኖታ ቀስ እያለ ያነባል፣ ሁለቱን እጅ እየተንተባተበም ቢሆን አብሮ ይመታል፣ ግን የሚጫወተው ወይ ደረቅ የጣት ልምምድ ነው ወይ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ከላይ እየወረዱ የሚመጡትን ባለቀለም ካሬዎች እያየ የሚለቅመው ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይጫወት? የኔ መልስ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የሮበርት ሹማን የወጣቶች አልበም ነው። ኦፐስ 68 (የስራው ተራ ቁጥር ነው)፣ 43 አጫጭር ሙዚቃዎች፣ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ አንድ ገጽ እንኳን በወጉ አይሞሉም።

ታሪኩን ለልጁ ንገሩት፣ ይወዱታል። ሰውየው በፈረንጆቹ 1848 ድሬስደን ጀርመን ሲኖር ትልቋ ልጁ ማሪ 7 አመት ሞላት፣ እሱም ለልደቷ ብሎ ጥቂት ሙዚቃ ጻፈላት፣ ከዛ እጁ አላቆም አለው፣ አንዱ አንዱን እየጠራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጽሐፍ ሆነ። መጀመሪያ የገና አልበም ሊለው ነበር ያሰበው። ሚስቱ ክላራ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት ፒያኒስቶች አንዷ ነበረች፣ ለልጆች የሚሰጠው ሙዚቃ ምን ያህል ቀሽም እንደሆነ እሷም ትማረር ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የመጣው ልክ እናንተ ካላችሁበት ችግር ነው፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ፒያኖ አለ፣ የሚጫወተው ደህና ነገር የለም።

አሁን ወደ ስራው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር፣ ከቁጥር 1 ተነስታችሁ በተራ ወደ 43 አትሂዱ። እኔ ሄጄ ቁጥር 4 ላይ ልጄ ወንበሩን ለቃ ተነሳች፣ ለሁለት ወር ፒያኖውን ዞር ብላ አላየችውም። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፣ ከ1 እስከ 18 ለትናንሾቹ፣ ከ19 በኋላ ከፍ ላሉት፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ግን የቅለት መሰላል አይደለም። ቁጥር 4 መዝሙር ነው፣ ዝግ ያለ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ግን አራት ድምጽ ባንዴ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ድምጽ ይዞ። ለትንሽ እጅ መከራ ነው። እለፉት፣ ኋላ ትመለሱበታላችሁ።

1. ኖታውን ማግኘት

ሹማን የሞተው 1856 ነው፣ ስለዚህ ሙዚቃው የማንም ንብረት አይደለም፣ የድሮዎቹ ህትመቶች አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው ድረገጽ ላይ በነጻ አሉ፣ አውርዳችሁ ታትማላችሁ። ብዙ አይነት ህትመት ስለምታገኙ የጣት ቁጥር ያለበትን ምረጡ (1 አውራ ጣት ነው፣ 5 ትንሿ ጣት፣ በሁለቱም እጅ)። ሙሉ መጽሐፉን አትማችሁ ጠርዛችሁ ልጁ ፊት አታስቀምጡ። አንዷን ገጽ ብቻ። ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ስንት ነው፣ ከቻላችሁ ሁለት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱ ይጨማደዳል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ ታናሽ ወንድም ይስልበታል።

ከላይ የተጻፉት ቃላት ጀርመንኛ ናቸው፣ አትደንግጡ። ላንግዛም ማለት ዝግ ብሎ፣ ኒኽት ሽኔል ማለት ሳትፈጥን፣ ፍሪሽ ኡንድ ሙንተር ማለት ነቃ ብሎ ፈካ ብሎ። እኔ አማርኛውን በእርሳስ ከላዩ ላይ ጻፍ አደርገዋለሁ።

በነገራችን ላይ ከዚህ በታች ዶ ሬ ሚ እያልኩ ነው የምሄደው። አንዳንዱ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጠራው፣ እዛ ላይ ሲ ሲባል ዶ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሲ ማለት ከላ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ስንቱ ልጅ በዚህ እንደተደናገረ ቤት ይቁጠረው። የልጃችሁ አስተማሪ የትኛውን እንደሚል ጠይቁና በዛው ጽኑ።

2. ኪቦርዱና ወንበሩ

88 ቁልፍ ያለው እውነተኛ ፒያኖ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለመጀመር ይበቃል፣ ግን አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ፣ ቀስ ሲነካ ቀስ ብሎ፣ ጠንከር ሲመታ ጮክ ብሎ የሚሰማ መሆን አለበት። ርካሾቹ ኪቦርዶች ላይ እንዴትም ብትመቱት ድምጹ አንድ ነው፣ በዛ ላይ ደግሞ ይሄን አልበም መስራት አይቻልም፣ ምክንያቱም የመጽሐፉ ግማሽ ትምህርት አንዱ እጅ ሲዘፍን ሌላው ዝቅ ብሎ እንዲያጅብ ማድረግ ነው። ሱቅ ስትሄዱ አንድ ቁልፍ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ከዛ በኃይል ንኩትና ስሙት፣ ልዩነት ከሌለው ሻጩ የፈለገውን ይበል ጥላችሁ ውጡ። መብራት ሲጠፋ እንዲሰራ ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ተመስገን ነው።

ኪቦርዱን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት፣ ለልጅ በጣም ከፍ ይላል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወንበሩ ዝቅ ካለ የተጣጠፈ ጋቢ ምን ሰራ። እግሩ ደግሞ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ከስር በርጩማ ግፉለት። እግሩ መሬት ካልያዘ ጀርባው አይቆምም፣ ጀርባው ካልቆመ ጣቱ ይደርቃል፣ እናንተ ደግሞ ልምምድ አነሰው ብላችሁ ትቆጣላችሁ።

3. ከየትኛው ይጀመር

የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ቁጥር 2 የወታደሮች ማርሽ፣ ቀጥሎ ቁጥር 8 ኃይለኛው ጋላቢ፣ ከዛ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጥር 1 ዜማ፣ ቁጥር 5፣ ከዛ ቁጥር 10 ደስተኛው ገበሬ። ከዚህ በኋላ ልጁ ራሱ ይምረጥ።

ለምን 2 ቀደመ ካላችሁ፣ ሁለቱም እጅ ባንድ ላይ ይነሳል ባንድ ላይ ይወርዳል። ኮርድ (ብዙ ኖታ ባንዴ ሲመታ) ስለበዛበት ሲያዩት ያስፈራል፣ ግን ምቱ ለሁለቱም እጅ አንድ ነው። ቁጥር 1 ላይ ግን ቀኝ እጅ ረጋ ብሎ ሲዘፍን ግራ እጅ ከስሩ ያለማቋረጥ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለት የተለያየ ስራ ባንዴ ማለት ነው፣ ለዛ ነው ቁጥሩ 1 ቢሆንም ሶስተኛ ያደረግኩት። ቁጥር 2 ሶል ሜጀር (ሶልን ቤቱ ያደረገ ፈካ ያለ ቅኝት) ስለሆነ ፋ በየቦታው ሻርፕ ነው፣ ማለትም ግማሽ ድምጽ ከፍ ይላል፣ ከመጀመሪያው ቀን ፋዎቹን ሁሉ በቢጫ ከለር አክብቡለት።

4. ፒያኖውን ሳይነኩ

የመጀመሪያው ቀን ኪቦርዱ አይከፈት። ሙዚቃውን ደህና ፒያኒስት ሲጫወተው ሁለት ሶስቴ አሰሙት፣ ከዛ ምቱን ጠረጴዛ ላይ በእጁ ይምታው፣ ዜማውን ላላላ እያለ ይዝፈነው። ያልዘፈነውን ልጅ ጣቱ አይዘፍነውም። አፍሮ እምቢ ካለ እናንተ አበላሽታችሁ ዝፈኑት፣ ወዲያው ሊያርማችሁ ይነሳል።

5. እርሳስ ያዙ እንጂ እስክሪብቶ አትያዙ

ኖታውን በአራት አራት ባር (ባር በሁለት ቋሚ መስመሮች መሃል ያለው ክፍል ነው) ከፋፍላችሁ በእርሳስ ሳጥን ሳጥን አድርጉት፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን ስም ስጡ ወይም ልጁ ይስጥ። የሚመሳሰሉትን ሳጥኖች አብራችሁ ፈልጉ፣ ኃይለኛው ጋላቢ ለምሳሌ 24 ባር ነው፣ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው 8 8 ባር ያው አንድ ነገር ስለሆነ በትክክል የሚጠናው 16 ብቻ ነው። ይሄን ለልጅ ስታሳዩት ፊቱ ላይ የምታዩት እፎይታ ራሱ ደስ ይላል።

የኔን ስህተት አትድገሙ። ለልጄ አዝኜ በእያንዳንዱ ኖታ ስር ዶ ሬ ሚ እያልኩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሙሉ ገጹን ጻፍኩላት። በሶስት ቀን ውስጥ ጥሩ አድርጋ ተጫወተችው፣ እኔም ኮራሁ። ከዛ ያለጽሁፍ ሌላ ኮፒ ስሰጣት፣ "እማዬ ይሄኛው ላይ ምንም አልተጻፈም እኮ" አለችኝ። ኖታውን ጭራሽ አይታው አታውቅም፣ ታነብ የነበረው የኔን የእጅ ጽሁፍ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው የጣት ቁጥር ነው፣ እሱም አውራ ጣት ከስር የሚያልፍበት ወይ እጁ ቦታ የሚቀይርበት ጋ ብቻ።

6. አንድ እጅ፣ አራት ባር፣ አምስት ቆሎ

ኪቦርዱ ጥግ ላይ አምስት የሽምብራ ቆሎ ደርድሩ። ልጁ አንዱን ሳጥን በአንድ እጅ ብቻ፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ ሳይሳሳት ሲጫወት አንዷን ወደ ሌላኛው ጥግ ያሻግራል። ከተሳሳተ አትሻገርም፣ የተሻገሩት ግን አይመለሱም (አንዳንዱ ሁሉንም ይመልሳል፣ እኔ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልወድም)። አምስቱም ሲሻገሩ ይበላቸዋል። መጀመሪያ በቸኮሌት ሞክሬው ነበር፣ ቁልፎቹ መሃል የገባው ቸኮሌት እንዴት እንደወጣ አትጠይቁኝ።

ዝግ ብሎ ስል እንዴት ዝግ እንደሆነ ላስረዳ። ልጁ ቀጣዩን ኖታ ከመምታቱ በፊት ስሙን መጥራት የሚችልበት ፍጥነት። ለኛ ያንገሸግሻል፣ ምሳ እየሰራችሁ ከሩቅ ብትሰሙት ይሻላል። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥረው መሳሪያ) አሁን አያስፈልግም፣ ከሁለት እጅ በኋላ ነው የሚመጣው።

7. ሁለት እጅ አንድ ላይ፣ ከመጨረሻው

ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሁለት እጅ ስታገናኙ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ጀምሩ፣ እሱ ሲያዝ ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ጨምሩ፣ እንዲህ እያላችሁ ወደ መጀመሪያው ኑ። ልጅ ሁሌ ከመጀመሪያው ሲጀምር መጀመሪያውን መቶ ጊዜ መጨረሻውን አስር ጊዜ ነው የሚጫወተው፣ ሰው ፊት ሲቀርብ ደግሞ አሳምሮ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ይሰምጣል። ከኋላ ከተማረ ግን በሄደ ቁጥር ወደሚያውቀው ቦታ እየገባ ነው የሚሄደው።

8. የሚያጅበው እጅ ዝቅ ይበል

ቁጥር 1ን ስትደርሱ እዚህ ጋ ነው ትግሉ። ግራ እጅ ብዙ ኖታ ስላለው ይጮሃል፣ ዜማው ይዋጣል። ለልጅ ቀስ በል ማለት አይሰራም፣ ቀስ በል ስትሉት ሁለቱም እጅ ይቀንሳል ወይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ አድርጉ፣ ቀኝ እጁ እውነት ይጫወት፣ ግራ እጁ ደግሞ ቁልፎቹን እየዳሰሰ፣ ሳይጫናቸው፣ ያለድምጽ ይንቀሳቀስ። ሁለት ቀን እንደዛ። በሶስተኛው ቀን ግራ እጁ ትንሽ፣ ልክ ሰው ተኝቶ እንዳይነቃ ያህል ይጫን። አንድ ጊዜ ጆሮው ልዩነቱን ከያዘው ከዛ በኋላ ሌሎቹም ላይ ራሱ ያደርገዋል።

አሁን ኃይለኛው ጋላቢ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ልጆች የሚወዱት እሱን ነው። ብዙ አስተማሪዎች በእንጨት ፈረስ ቤት ውስጥ እየጋለበ ከዕቃ ጋር የሚጋጭ ልጅ ነው ብለው ያስረዱታል። መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጅ ላ ማይነር (ከፋ ያለው ቅኝት) ላይ ይጋልባል፣ መሃል ላይ ፈረሱ ለግራ እጅ ይሰጥና ወደ ፋ ሜጀር ይቀየራል፣ ከዛ ተመልሶ ቀኝ ይይዘዋል። ኖታዎቹ ስታካቶ ናቸው፣ ማለትም እንደጋለ ምጣድ ነካ አድርጎ መተው፣ እና እዚህ ላይ ልጆች ክንዳቸውን ሁሉ እያነሱ ይዘላሉ። አይደለም፣ የሚዘለው ጣትና የእጅ አንጓ ብቻ ነው። ክንዱ ላይ ቀለል ያለ ደብተር አስቀምጡበት፣ ደብተሩ ከወደቀ ክንዱ ዘሏል ማለት ነው።

ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ማለትም በአንድ ባር ውስጥ ስድስት አጫጭር ምት ይቆጠራል። የኛ ልጆች እዚህ ጋ እድለኞች ናቸው፣ ችክችካም ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ ጆሯቸው ገና በሰርግ ቤት ለምዶታል። ግን እዚሁ ጋ ወጥመድም አለ! ልጄ ሹማንን ቀስ በቀስ ወደ ጉራጊኛም ወደ ጎጃምኛም የማይመደብ ነገር አድርጋ ትከሻዋን እየነቀነቀች ነበር የምትጫወተው፣ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪያጨበጭብላት። ያስቃል ግን ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ስድስቱን ስትቆጥሩ አንድ ላይና አራት ላይ ብቻ ነው የሚከብደው፣ አንድ ሁለት ሶስት አራት አምስት ስድስት፣ ልክ እንደሁለት እርምጃ። ቤት ውስጥ እየተራመዳችሁ ግራ እግር አንድ ላይ ቀኝ እግር አራት ላይ እያላችሁ ቁጠሩት።

ደስተኛው ገበሬ ደግሞ ሙሉ ስሙ ከስራ ወደ ቤት የሚመለስ ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፣ ዜማው ግራ እጅ ላይ ነው፣ ቀኝ እጅ ከላይ አጫጭር ኮርዶች ብቻ ጣል ጣል ያደርጋል። ፋ ሜጀር ነው፣ ሲ ፍላት ነው (ግማሽ ድምጽ ዝቅ ይላል)፣ ይሄም ይረሳል። ግራ እጁን ለብቻው ሳምንት ሙሉ ያጫውቱት፣ ልጁ ራሱን የቻለ ዘፈን መሆኑ ይገርመዋል፣ ግራ እጅ ሁሌ አሽከር ነው ብሎ ስለለመደ። ቀጥሎ እናንተ ኮርዶቹን በጭብጨባ ሙሉለት። መሃል ላይ ቀኝ እጅ ከላይኛው ጣቶቹ ዜማውን አብሮ የሚይዝበት ቦታ አለ፣ ከባዱ እሱ ነው፣ ለሱ ብቻ ተጨማሪ አምስት ቆሎ።

በእግር የሚረገጠው ፔዳል? አይንኩት። እዚህ ደረጃ ላይ ፔዳል ስህተት መሸፈኛ ነው።

9. ስንት ሰአት

ለሰባት ስምንት አመት ልጅ በቀን 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ። ቅዳሜ ሁለት ሰአት አስቀምጦ ማካካስ አይሰራም፣ ጣት እንደዛ አይማርም። ከትምህርት ቤት መጥቶ መክሰስ ከበላ በኋላ፣ ከካርቱን በፊት። አንድ ሙዚቃ ሁለት ሶስት ሳምንት ቢወስድ ጤነኛ ነው፣ ከወር ካለፈ ግን ተዉትና ሌላ ስጡት፣ ከሶስት ወር በኋላ ስትመለሱበት ይቀላል። ሁሉንም ፍጹም ካላደረግን አንለፍ የሚሉ ወላጆች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ማሪም 43ቱንም ፍጹም አድርጋ የተጫወተች አይመስለኝም።

10. ሰው ፊት

አንድ ሙዚቃ ሲያልቅ እሁድ ቡና ሲፈላ ትንሽ ኮንሰርት አድርጉ። ልጁ የሙዚቃውን ስም ይናገራል፣ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል፣ ይጫወታል፣ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ለዘመዶቹ አንድ ነገር ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሲጫወት ዝም በሉ፣ ሲሳሳትም አይዞህ አትበሉት፣ አይዞህ ሲባል ነው ልጅ የሚያቆመው። ከተሳሳተ ወደሚቀጥለው ሳጥን ዘሎ መቀጠልን አስቀድማችሁ አለማምዱት፣ ለዛ ነው ሳጥኖቹ ስም ያላቸው። ቪዲዮውን ለአያት በቴሌግራም ላኩ። የኔ እናት፣ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ፈረሱ ግን ለምን እንደዛ ይቸኩላል?" ብላ በድምጽ መልሳለች፣ ትክክል ነበረች፣ ፈጥኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ልጁ ይምረጥ ያልኩት ጋ ስትደርሱ ሶስት ጥቆማ። የሚያሳዝን ነገር ለሚወድ ልጅ ቁጥር 16፣ የመጀመሪያው ሀዘን ይባላል፣ ሚ ማይነር ነው፣ ለስለስ ብሎ ሄዶ ሄዶ ወደ መጨረሻው ድንገት ብሶት እንደያዘው ሰው በኮርድ ይጮሃል። ቁጥር 9 ትንሽ የባላገር ዘፈን ነው፣ ሬ ማይነር ላይ እያለቃቀሰ ይጀምርና መሃሉ ጋ ሬ ሜጀር ላይ ይፈነጥዛል፣ ማይነርና ሜጀር ምን እንደሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አላውቅም። መፍራት ለሚወድ ደግሞ ቁጥር 12፣ ክኔኽት ሩፕሬኽት፣ በጀርመን በገና ሰሞን ከቅዱስ ኒኮላስ ጋር እየመጣ አስቸጋሪ ልጆችን የሚያስፈራራ ሰው ነው፣ የነሱ አያ ጅቦ በሉት። ሁለቱም እጅ ታች ወፍራሙ ድምጽ ላይ እየተንጎራጎረ ነው የሚጀምረው፣ ከበድ ይላል፣ ሁለተኛ አመት ላይ ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ርዕስ የሌላቸው ሶስት አሉ፣ 21፣ 26 እና 30፣ በርዕስ ፈንታ ሶስት ኮከብ ብቻ ነው የተቀመጠባቸው። ለመጫወት ገና ቢሆኑም ማታ ከመኝታ በፊት አሰሟቸውና ርዕስ ያውጡላቸው። ልጄ 21ን መጀመሪያ የሰማችው ጨለማ ውስጥ ከስልኬ ላይ ነው፣ በእርሳስ ኮከቦቹ ጎን "መብራት ጠፋ" ብላ ጽፋበታለች፣ አሁንም እንደዛ ነው የምንጠራው።